የወጣት ተዋንያን የቅርብ ፎቶግራፍ

ጥያቄ፦ ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚሻገሩ ወጣት ተዋንያንን በ35 ሚሊሜትር ሌንስ በቅርበት ሳነሣ አፍንጫቸው ይገዝፋል፤ ገጽታቸውም ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአፍንጫው መግዘፍ ከርቀቱ የሚመጣ ነው፤ ሰፊ እይታ ባለው በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ፊቱ ምስሉን እንዲሞላ ሲሉ እጅግ ስለሚጠጉ፣ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ይጎላል። ጠበብ ያለ እይታ ባለው በ85 ሚሊሜትር ሌንስ 2 ሜትር ያህል ርቀው ቢያነሡ ይስተካከላል። ጭምብል የመሰለውን ገጽታ ማስወገድ ግን ይከብዳል፤ ተዋናይ ካሜራ ሲያይ መተወን ልማዱ ነውና። እኔ የመጀመሪያዎቹን 20 ፎቶዎች እንደ ማሟሟቂያ እቆጥራቸዋለሁ (ብዙዎቹንም እጥላቸዋለሁ)፤ ከዚያ ተዋናዩን በመስኮት አጠገብ አስቀምጬ እያጫወትኩ፣ ንግግሩን ጨርሶ ከንፈሩ በሚገጥምባት ቅጽበት አነሣለሁ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጁ ወይም አሳዳጊው በጽሑፍ ሳይፈቅድና በቦታው ሳይገኝ ሥራውን አይጀምሩ።