«ግጭት» ስንል ማን ማንን ገጨ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። በቀደም ስለ አንድ ሰልፍ «ፖሊስ ሰልፈኞችን ተኩሶ ገደለ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «በተፈጠረ ግጭት የሰው ሕይወት አለፈ» ብሎ ቀየረው። «እንዲህ ሲሆን ጨዋ አማርኛ ነው» አለኝ። እውነት ጨዋነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ልጄ። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን አንቺ ያልሽውን አይልም።

«ግጭት» የመጣው ከ«ተጋጨ» ነው። «ገጨ» ስንል አድራጊው አንድ ነው። «ተጋጩ» ስንል ግን እንደ «ተማቱ»፣ እንደ «ተሰዳደቡ» ሁለቱም አድራጊዎች ናቸው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሄጂ ሁለት ባጃጆች ቢላተሙ «ተጋጩ» ትያለሽ። ባጃጁ መንገድ ዳር የቆመ ልጅ ላይ ቢወጣስ? «ባጃጁና ልጁ ተጋጩ» የሚል ሰው ድሬ ውስጥ አታገኚም። «ገጨው» ነው የምንለው። እናቱ ፊት ቆመሽ «ተጋጩ» ማለት ትችያለሽ? አትችዪም፤ ልጁንም ጥፋተኛ ማድረግ ይሆንብሻል።

ስለዚህ «በፖሊስና በሰልፈኞች መካከል ግጭት» የሚለው አባባል ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ ክስ አለ፤ ሰልፈኛውም መትቷል ይላል። በእርግጥ ተማትተው ከሆነ ግጭት ነው፣ ጻፊው። አንዱ ተኩሶ ሌላው ሲሸሽ ከወደቀ ግን ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ 69 ሰው ገደለ። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው። ባለሥልጣናቱ ግን ፖሊስ ጥቃት ደርሶበት ነው አሉ። ጀርባውን የሰጠ ሰው ከማን ጋር ይጋጫል?

«ሕይወቱ አለፈ» ደግሞ ታሞ ለሞተ አባት የሚገባ፣ መልካም አነጋገር ነው። «ተገደለ» ብትዪ ገዳዩ ባይጠራም አንባቢው «ማን ገደለው?» ማለቱ አይቀርም። «አለፈ» ካልሽ ግን ያ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። በ1998 ክረምት የኛው ወንዝ ዳቻቱ ሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲጨርስ «ጎርፍ ወሰዳቸው» ነበር ያልነው፣ ዛሬም የምንለው እንደዚያው ነው። ለጎርፍ እንኳ አድራጊነቱን ሰጥተናል። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ወታደሮቹ በቲያናንመን ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው የሆነውን መጀመሪያ «ፀረ አብዮት አመፅ» አለው፤ እያደር ግን ስሙን አለዝቦ፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ነፋስና ማዕበል» በሚል ቃል ይጠራው ጀመር። እኛ ለጎርፉ ስንመሰክር እዚያ ጥይቱ ነፋስ ሆነ።

«እርምጃ»ንም ተጠንቀቂው። ከ«ተራመደ» የወጣ ምንም የማያውቅ ቃል ነበር። በደርግ ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተረሸነ ማለት ሆነ፣ በቀይ ሽብር ዘመን «ነፃ እርምጃ» ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ስም ነበር። እኔ ዛሬም ቃሉን በዜና ስሰማ ሰውነቴን ይወረኛል።

ከ1997 ምርጫ በኋላ የተፈጠረውን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጥሯል። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን የፀጥታ ኃይሎች «ከመጠን ያለፈ ኃይል አልተጠቀሙም» የሚል ነበር። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጥተው፣ አብዛኛው አባል አስቀድሞ የወሰነው ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ እንደነበር ተናገሩ። «መጠን» የሚለው ቃል «ከምን ጋር ተመዝኖ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ምንም አይለካም።

ሥራሽን በተመለከተ፣ ማን እንደተኮሰ ካልታወቀ «ተገደሉ» በዪ። መንግሥት ግጭት ነው ካለ «መንግሥት ግጭት ነው ብሏል» ብለሽ ቃሉን ለባለቤቱ ስጪ። በምትተረጉሚው ዜና ላይ ተኳሹ ፖሊስ መሆኑ ተጽፎ ከሆነ ግን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገርሽን ወደ ቦታው መልሺው።