ሁለተኛ ኮርማ ከመግዛትዎ በፊት

ከባቱ ከተማ ወጣ ብሎ በተከራዩት መሬት ላይ 18 የቦረና ላሞችን ለሥጋ የሚያረቡ አንባቢ ጥያቄ ልከውልናል። ላሞቹን የገዙት ከአምስት ዓመት በፊት ከአንድ ኮርማ ጋር ሲሆን፣ ኮርማው ዓመቱን ሙሉ ከላሞቹ ጋር ይውላል፤ ያድራልም። ጥጆቹ በየወሩ ስለሚወለዱ፣ አድላቢ ነጋዴ ሲመጣ በዕድሜና በክብደት የተቀራረቡ ወይፈኖችን በአንድ ጊዜ ማቅረብ አልቻሉም። ሦስቱ ላሞች ከወለዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዷ ደግሞ በቅርቡ በሰባት ወሯ ጨንግፋለች። «ሁለተኛ ኮርማ ልግዛ ወይስ በሰው ሰራሽ ዘዴ ወደ ማዳቀል ልግባ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አስቀድሜ ስለ ጨነገፈችው ላም መናገር ግድ ይለኛል። በእርግዝና መጨረሻ ወራት የሚያጋጥም ውርጃ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ቢችልም፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ብሩሴሎሲስ ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል። ላሟን ከመንጋው ለይተው ያቆዩ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም አሳውቀው ከእርሷም፣ ከኮርማውም፣ ከቀሩት ላሞችም የደም ናሙና ያስወስዱ። ወደፊት ሌላ ላም ብትጨነግፍ የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን ማንም ሰው በባዶ እጁ አይንካው፤ ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ወተት ሳይፈላ እንዳይጠጣ ለቤተሰብዎም ለእረኛውም አጥብቀው ይንገሩ። ይህ ሳይጣራ አዲስ ኮርማ ቢያስገቡ በገንዘብዎ የገዙትን ከብት ለበሽታ አሳልፈው ሊሰጡት ይችላሉ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መንጋዎ የኮርማ ቁጥር አላነሰውም። ጤነኛና በዕድሜ የበሰለ አንድ ኮርማ ከ25 እስከ 30 ላሞችን ሊያጠቃ፣ ማለትም ተገናኝቶ ሊያስረግዝ ይችላል። የጎደለዎ ኮርማው ከላሞቹ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ያለዎት ኮርማ የግድ መቀየር አለበት፤ በመጀመሪያው ዓመት የወለዳቸው ጊደሮች አሁን ለጥቂ ደርሰዋል፣ ምናልባትም ከራሱ ከብደዋል። ኮርማ የገዛ ልጁን ሲያጠቃ የሚወለደው ጥጃ የዝምድና መጠን 25 በመቶ ይደርሳል፤ በሥጋ ከብት እርባታ ይህ የሚገለጠው በቀጫጫ ጥጃ፣ በዘገየ ዕድገትና በቀነሰ የመውለድ አቅም ነው። ስለዚህ በሽታ ከሌለበት ይሽጡትና ከእርሱ ጋር የማይዛመድ ሌላ ኮርማ ይተኩ። ያቤሎ አጠገብ ያለው የዲዳ ቱዩራ ጣቢያ የቦረናን ዝርያ ለመጠበቅና ለማሻሻል የተቋቋመ በመሆኑ እዚያ መጠየቅ ይጠቅማል።

ኮርማ ሲመርጡ ቀንዱና ሻኛው አያማልልዎ። ከኋላው ቆመው ቆለጡን ይመልከቱ፤ ሁለቱም እኩል፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌለባቸውና በከረጢታቸው ውስጥ በቀላሉ የሚንቀሳቀሱ መሆን አለባቸው። ከዚያም ያራምዱትና የኋላ እግሮቹን ይዩ፤ ላም ላይ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ስለሆነ፣ የሚያነክስ ኮርማ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ አይጠቅምዎትም። የኮርማው የዘር ሕዋስ ተፈጥሮ እስኪያልቅ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሌላ አነጋገር በሐምሌ የሚያጠቃው ኮርማ ብርታቱን የሚያገኘው በግንቦት ከበላው መኖ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቢገዙት፣ ለአንድ ወር ለብቻው ለማቆየት፣ ደሙን ለማስመርመርና አብልቶ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ ይኖርዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእናንተ አካባቢ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ኮርማው ሐምሌ 1 ገብቶ መስከረም 30 እንዲወጣ እመክራለሁ። ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ድራት፣ ማለትም ኮርማ የመፈለግ ምልክት ስለምታሳይ፣ በእነዚህ 95 ቀናት ውስጥ ጤነኛ ላም አራት ጊዜ ያህል ዕድል ታገኛለች። የእርግዝናውን ጊዜ 285 ቀን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ጥጃ ሚያዝያ 11 ገደማ፣ የመጨረሻው ሐምሌ 15 ገደማ ይወለዳል፤ እናትየዋም ወተቷ በሚበረታበት ወቅት እርጥብ ሣር ታገኛለች። ላም በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ በ80 ቀን ውስጥ መክበድ ስላለባት፣ በሚያዝያ የወለደችው ላም ኮርማው በሚመለስበት በሐምሌ ዝግጁ ሆና ትጠብቀዋለች። አሁን ዓመቱን ሙሉ የሚወልዱትን ላሞች ግን በአንድ ጊዜ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም፤ በመጀመሪያው ዓመት ኮርማውን ከሰኔ እስከ ኅዳር ያቆዩት፣ በሁለተኛው ዓመት ወደ አራት ወር ዝቅ ያድርጉት፣ በሦስተኛው ወደ ሦስት ወር ይምጡ። በቀረው ጊዜ ኮርማው ጠንካራ አጥር ባለው በረት፣ ከአንድ ሰንጋ ጋር ይቆይ፤ ብቻውን የታሰረ ኮርማ አጥር ይሰብራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ላሟ ስትወልድ ሥጋ ካላት ነው፤ ብዙ አርቢዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። የእርግዝናው መጨረሻ ከበጋው መገባደጃ ጋር ስለሚገጥም ከየካቲት ጀምሮ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሊደርሳት ይገባል። የጎድን አጥንቶቿ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ የወለደች ላም፣ ጥጃዋም ቀን ከሌት እየጠባት፣ ለብዙ ወራት ድራት አታሳይም፤ ከወለደች በኋላ መመገብም በሰዓቱ የተሰጠውን ያህል አይክስም።

ወይፈኖቹን ጡት ሲጥሉ፣ ማለትም በሰባትና በስምንት ወራቸው፣ ከእናቶቻቸውና ከእህቶቻቸው ይለዩአቸው። አንዳንዶች «አኮላሹአቸው» ይሉዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚገዙት የአዳማና የሞጆ አድላቢዎች ያልተኮላሸ የቦረና ወይፈን ስለሚመርጡ፣ ቦታ ካለዎት መለየቱ ይሻላል። ጊደሮቹም የአዋቂ ላም ክብደት ሁለት ሦስተኛ ሳይሞሉ ኮርማ እንዳይደርስባቸው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሐኪም ጠርተው ላሞቹን ሁሉ በእጅ ያስመርምሩ፤ በመስከረም መጨረሻ የተጠቃችውም ቢሆን ከ60 ቀን በላይ ስለሚሆናት እርግዝናዋ ይለያል። ሥጋዋ ጥሩ ሆኖ፣ ከጤነኛ ኮርማ ጋር ከርማ ባዶ የተገኘች ላም በጋውን መኖ ልትበላብዎ አይገባም፤ ገበያውም የገና ገበያ ነው። የመጀመሪያ ጥጃዋን ያጠባች ቀጭን ላም ግን አንድ ዓመት ይታገሷት። ሁለት ዓመት ያለፋቸውን ሦስቱን ግን እስከ ታኅሣሥ አያቆዩአቸው፤ አሁኑኑ ይመርመሩ። አንዷ ከብዳ ሊሆን ይችላል፣ ሌላዋ የማኅፀን ቁስል ይኖርባት ይሆናል፣ ሦስተኛዋ የተራበች ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

በሰው ሰራሽ ዘዴ ማዳቀልን ለጊዜው እንዲያቆዩት እመክራለሁ። የቦረና ላም ድራት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፣ ሌሊት ጀምሮ ሌሊት የሚያልቅበትም ጊዜ አለ። ጠዋት የታየች ላም በዚያው ቀን ማታ፣ ማታ የታየችው በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል ስላለባት፣ ጠዋትና ማታ ቆሞ የሚመለከት ሰውና ሲጠራ የሚደርስ አዳቃይ ከሌለ ወራቱ በከንቱ ያልፋሉ። ድራትን በአንድ ጊዜ የሚያመጣው የፕሮስታግላንዲን መርፌ ይህን ያቃልላል፤ ሆኖም የከበደችን ላም ስለሚያስጨነግፍ፣ እርግዝናዋ ሳይመረመር ለማንኛዋም ላም እንዳይወጋ። የመውለጃውን ወቅት ካስተካከሉ በኋላ በጥቂት የተመረጡ ላሞች መሞከር ይችላሉ፤ ያን ጊዜም የቦረና ኮርማ አባለዘር ይጠይቁ እንጂ፣ ለወተት የተመረጡትን ፍሪዥያንና ጀርሲ በሥጋ መንጋዎ ላይ አያስገቡ።