ከዘር ነው ወይስ ከኑሮ? ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ከሥራ ስገባ ነው ያነበብኩት። እናትሽ በ49 ዓመታቸው በጡት ካንሰር አርፈዋል። አሁን ደግሞ ታላቅ እህትሽ በ38 ዓመቷ ተገኘባት፤ ዶክተሩም «ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ነው» አላት። አንቺ 33 ዓመትሽ ነው። «ይሄ ነገር ከዘር ነው ወይስ ከምንበላውና ከኑሯችን? ከዘር ከሆነ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው? የወሊድ መከላከያ ፒሉንስ ላቁም?» ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እናቴን ያጣኋት ልጅ ሆኜ፣ ጎንደር ነው። «ነቀርሳ ነው» ተባለ። ከዚያ በላይ የነገረን ሰው የለም። እኔ ራሴ በ46 ዓመቴ፣ ሜሪላንድ እየኖርኩ፣ ልብስ ስቀይር እጄ አንድ ጠጠር የመሰለ ነገር ላይ አረፈ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ፣ ማለትም ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት፣ ልክ እንደ እህትሽ። ቀዶ ጥገና፣ ጨረር፣ ከዚያ ለዓመታት ኪኒን።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ከእናቴ ወረስኩት» የሚል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሌላው መጣ። ታላቅ እህቴ ጎንደር ቀርታ 6 ልጆች ወልዳለች፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ዓመት አጥብታለች፣ 61 ዓመቷ ነው፣ ደህና ናት። እኔ አንድ ልጅ በ35 ዓመቴ ወልጄ በ3 ወሩ ሥራ ገባሁ። ወተቴም ብዙ አልቆየም። «እኔው ነኝ ያመጣሁት» ብዬ ራሴን ስከስ ከረምኩ። የአንድ ቤት ሁለት እህትማማቾች ግን ምንም አያረጋግጡም። ይህን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያሳሳተኝ «ከዘር ነው ወይስ ከኑሮ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው። እንደ ሁለት በር ነበር የማያቸው፤ በሽታው በአንዱ ከገባ ሌላው ነጻ ነው ብዬ። በእኛ ዓይነቱ የጡት ካንሰር ግን ዘርና ኑሮ የሚገናኙበት ቦታ አለ። እሱም ኢስትሮጅን ነው።

ድሮ ብራና ላይ መጽሐፍ ሲገለበጥ አስቢ። ጸሐፊው ይገለብጣል። አራሚው ከኋላ ሆኖ ያነባል፣ የተሳተውን ያቀናል። የጡት ሴልም ሲባዛ በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያውን፣ ሙሉውን ይገለብጣል። ኢስትሮጅን «ጨምር፣ ድገም» የሚለው ትእዛዝ ነው። በየወሩ የወር አበባ ዑደት ይመጣል፤ በየወሩ ሴሎቹ ይባዛሉ። ብዙ በተገለበጠ ቁጥር ስህተትም ይበዛል። ብራካ-1 እና ብራካ-2 የሚባሉት ጂኖች ደግሞ አራሚዎቹ ናቸው፤ የተሰበረ ዲኤንኤ ሲገኝ ይጠግናሉ። ሁላችንም አሉን። ችግሩ የሚመጣው ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ተበላሽቶ ሲወረስ ነው። ከአባትም መሆኑን ያዢልኝ፤ እኛ አገር «የእናትሽ ወገን እንዴት ነው?» እንጂ የአባትን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ችግሩ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

ኑሮ የሚገባው በትእዛዙ በኩል ነው። የወር አበባ በልጅነት ሲጀምር፣ ማረጥ ሲዘገይ፣ የመጀመሪያ ልጅ ሲዘገይ ወይም ሳይወለድ ሲቀር፣ ጡት የኢስትሮጅንን ትእዛዝ የሚሰማባቸው ዓመታት ይረዝማሉ። መውለድና ማጥባት ያሳጥሯቸዋል፣ ሴሎቹንም ያበስላቸዋል። በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በታተመ ጥናት ከ30 አገሮች የተገኙ 47 ጥናቶች ተደምረው ታይተዋል። አንዲት ሴት 12 ወር ባጠባች ቁጥር አደጋው በ4.3 በመቶ፣ በየወሊዱ ደግሞ በ7 በመቶ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ላይ አንዲት ሴት በአማካይ 1.8 ልጅ ነበር የምትወልደው፤ በአገር ደረጃ 4.6። በአያቶቻችንና በእኛ መካከል የተቀየረው ይሄ ነው። ጂናችንማ ያው ነው።

ስብን በሚመለከት የገባኝ በኪኒኔ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የወሰድኩት ታሞክሲፌን ነበር፤ እሱ ኢስትሮጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ካረጥኩ በኋላ ዶክተሬ በአናስትሮዞል ቀየረችልኝ። «የወር አበባዬ ከቆመ ኢስትሮጅኑ ከየት ይመጣል?» አልኳት። «ከስብሽ» አለችኝ። ስብ ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራል። አናስትሮዞል የሚዘጋው እሱን ነው። ከማረጥ በኋላ ውፍረት የጡት ካንሰርን አደጋ የሚጨምረው በዚህ መንገድ ነው። አልኮልም ኢስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል። በቀን አንድ ብርጭቆ እንኳ አደጋውን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል። ወይን «ለልብ ጥሩ ነው» እያልን የምንጠጣ ብዙ ነን፤ ለጡት ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ፤ «ከዘር ከሆነ አይቀርልኝም» ወደሚለው።

ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል ሳይንቲስት አለች። የብራካ-1ን ቦታ በ1990 ክሮሞዞም 17 ላይ ያመለከተችው እሷ ናት። በ2003 ደግሞ ኒው ዮርክ አካባቢ ከሚኖሩ፣ የጡት ካንሰር ከያዛቸው 1,008 የአሽከናዚ (ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ) አይሁድ ሴቶች ተነስታ ቤተሰቦቻቸውን አጠናች። የተበላሸውን ጂን ከተሸከሙት መካከል ከ1940 በፊት የተወለዱት እስከ 50 ዓመታቸው በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው 24 በመቶ ነበር። ከ1940 በኋላ የተወለዱት ግን 67 በመቶ። እስቲ ቆም ብለሽ አስቢው። ጂኑ ያው ነው፤ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ። የተለወጠው ዘመኑና ኑሮው ነው። በልጅነታቸው ሰውነታቸውን ያንቀሳቀሱትና ያልወፈሩት ላይ ደግሞ በሽታው ዘግይቶ ነበር የመጣው። ይህን ያነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። እናቴ የሰጠችኝ ነገር ፍርድ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ግን ወደ ሌላኛው ጫፍም አትሂጂ። የተበላሸ ብራካ ያላት ሴት ስፖርት ስለሠራች ብቻ ተረፈች አይባልም። በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት እስከ 80 ዓመት ያለውን አደጋ ለብራካ-1 72 በመቶ፣ ለብራካ-2 69 በመቶ አድርጎታል። ለእነዚህ ሴቶች ቅርብ ክትትል፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና አለ። ለመረጃ ያህል፣ የብራካ-2 ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ እንደ እህትሽ ሆርሞን ተቀባይ ነው፤ የብራካ-1 ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ከጡት ካንሰር ሁሉ ከእንዲህ ዓይነት ከባድ ውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶው ነው። ሌላው ዘር ደግሞ ትናንሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚጨምሩ በጣም ብዙ የጂን ልዩነቶች። ኑሮ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2016 የአሜሪካ ነጭ ሴቶችን መረጃ ይዞ የተሠራ ጥናት ነበር። ሊለወጥ በማይችለው ነገር፣ ማለትም በዘርና በመሳሰለው፣ አደጋቸው ከሁሉ ከፍ ያለውን አንድ አሥረኛ ለየ። ከእነሱ ውስጥ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ የማይጠጡ፣ የማያጨሱና ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የማይወስዱት አደጋቸው እንደ ማንኛዋም አማካይ ሴት ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ለሐበሾች የተለየ ነገርም አለ። እኔ ስመረመር አንዷ ነርስ «ጥቁር ስለሆንሽ ትሪፕል ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል፣ ተዘጋጂ» ብላኝ ነበር። እሱ ሆርሞን የማይቀበለው፣ ለማከም የሚያስቸግረው ዓይነት ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በኋላ እንዳነበብኩት ይህ ዓይነት ጋናውያን ላይ በጣም ይበዛል፣ ጥቁር አሜሪካውያን ላይም ይበዛል። ኢትዮጵያውያን ላይ ግን ከነጭ አሜሪካውያን ጋር ይቀራረባል። ቆዳችን ሳይሆን የዘር ግንዳችን ነው የሚለየን። አገር ቤት በተደረገ ጥናትም ከሦስት ታካሚዎች ሁለቱ ገደማ ሆርሞን ተቀባይ ነበሩ። ለእህትሽ ይህ ደህና ዜና ነው፤ ርካሽ ኪኒን አለው ማለት ነው። ሳታቋርጥ ትውሰደው። ላብና ሙቀት ይመጣባታል፣ ስሜቷም ይለዋወጣል። ለሐኪሟ ትንገር እንጂ በራሷ አታቁመው።

ስለ ፒሉ። በ2017 ዴንማርክ ላይ 1.8 ሚሊዮን ሴቶች ተጠንተዋል። የሆርሞን መከላከያ የሚጠቀሙት ላይ አደጋው በ20 በመቶ ይጨምራል። «20 በመቶ» ሲባል ያስደነግጣል፤ በቁጥር ግን በዓመት ከ7,690 ሴቶች አንድ ተጨማሪ ታማሚ ነው። አንቺ ግን እናትም እህትም ስላሉብሽ ስሌቱ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሆርሞን የሌለው ሉፕ አለ። ሌላ ሳትይዢ ዝም ብለሽ አታቁሚ፤ ሐኪምሽን አማክረሽ ቀይሪ።

ስለ ፈረንጅ ዶሮም ጠይቀሻል። እዚህ አሜሪካ ዶሮን ሆርሞን መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። ቶሎ የሚያድገው በዝርያ ምርጫና በመኖ ነው። ጡት ማስያዣ ካንሰር ያመጣል የሚለውንም እርሺው።

አሁን የምታደርጊው። የጂን ምርመራ መጀመር ያለበት ከእህትሽ ነው፣ ካንቺ አይደለም። የታመመው ሰው ላይ ጂኑ ከተገኘ አንቺን መመርመር ቀላል ይሆናል፤ ባንቺ ላይ ካልተገኘም እውነተኛ እፎይታ ነው። አገር ቤት ምርመራው እንደ ልብ አይገኝም፤ ሆኖም የካንሰር ሐኪሟን በግልጽ ጠይቂ። ውጤቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ሊል እንደሚችልም እወቂ። የኔ እንደዚያ ነበር። ብራካ የለብኝም፣ ግን ሌላ ጂን ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ተገኘ። የተጠናው በብዛት ነጮች ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ መልስ እኛ ላይ ይበዛል። አዎ ማለት አይደለም። በእሱ ተነስቶ ጡት የሚቆረጥ ሰው መኖር የለበትም።

ክትትልሽን ግን ውጤት ጠብቀሽ አትጀምሪ። የተለመደው ምክር የቅርብ ዘመድ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ መጀመር ነው። እህትሽ በ38 ከሆነ ያንቺ 28 ላይ ነበር፤ አልፏል። በዚህ ዕድሜ ጡት ጠጣር ስለሆነ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ብቻውን ላያሳይ ይችላል። አልትራሳውንድና፣ ከተገኘ፣ ኤምአርአይ ጠይቂ።

በዚህ ሳምንት የእህትሽን የናሙና ውጤት ወረቀት ፎቶ አንሺና ያዢ። ከዚያ ለአባትሽ እህቶች ደውዪ። ማን በምን አረፈ፣ በስንት ዓመቱ፣ ጡት ነው ወይስ ማህፀን ነው የተባለው? «ማህፀን» ሲሉሽ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚያመርተው) ሊሆን ስለሚችል ደጋግመሽ ጠይቂ። ሁሉን በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪ። ጽፈሽ ስትጨርሺ እዚህ ንገሪኝ፤ አብረን እናየዋለን።