የልጆችን አንጎል ለማጥናት ኤምአርአይ መማር ልጀምር?

በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘሻል፤ ልጆች ሲፈሩና እኩዮቻቸው ሲያገሏቸው አንጎላቸው ውስጥ የሚሆነውን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። የኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ማሽን) ሥልጠና ልግባ ወይ ነው ጥያቄሽ።

አሁን አትግቢ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ይገኛል፤ የሚጠፋው ልጅ ማረጋጋትና መረጃ ማጥራት የሚችል የምርምር ረዳት ነው።

ሳይበርቦል የሚባለውን ሙከራ እንውሰድ። ልጁ ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ በኮምፒውተር ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ኳስ ይቀባበላል፤ ሁለቱንም የሚያጫውታቸው ፕሮግራሙ ነው። መጀመሪያ ኳሷ ለሁሉም ትደርሳለች፣ ከዚያ ለልጁ ማቀበል ያቆማሉ። ልጁ ማታለሉን ከነቃ ግን የሚለካው መገለል ሳይሆን መሰላቸት ነው፤ ስለዚህ ሲያበቃ ምን መስሎት እንደነበር ይጠየቃል፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊትም እውነቱ ይነገረዋል። ሌላው ጣጣ እንቅስቃሴ ነው። መገለሉ የሚመጣው በኋላ ስለሆነ ልጁ ያኔ ደክሞታል፣ ይቁነጠነጣል። ከአንድ ምስል ወደ ቀጣዩ ጭንቅላቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢነቃነቅ እንኳ ሐሰተኛ ምልክት ሊፈጠር ይችላል። ይህን ያላየ ተንታኝ ቁንጥንጡን የአንጎል ምላሽ ነው ብሎ ይጽፈዋል።

የስጋት ሙከራዎችም ወጥመድ አላቸው። የፈራ ፊት ደጋግመሽ ስታሳዪ የአሚግዳላ (ለስጋት ምላሽ የሚሰጥ የአንጎል ክፍል) ምላሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሁሉንም ዙር አማካይ ብቻ ከወሰድሽ ለውጡ ይደበቃል። ደግሞ ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢለካ ውጤቱ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «አሚግዳላው ስለነቃ ልጁ ጭንቀታም ነው» ካልሽ እዚያው ትወድቂያለሽ።

እንግዲህ መጀመሪያ ፓይተን ወይም አር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ ከስታቲስቲክስ ደግሞ የአንድን ልጅ ተደጋጋሚ ልኬቶች አብሮ የሚይዘውን ሞዴል። ከዚያ ኦፕንኒውሮ በሚባለው የአንጎል መረጃ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ከተቀመጡት የልጆች መረጃዎች አንዱን አውርደሽ ምስሎቹን ለትንተና በሚያሰናዳው ኤፍኤምአርአይፕሬፕ በሚባል ሶፍትዌር አዘጋጂ፣ የእያንዳንዱን ልጅ እንቅስቃሴ በግራፍ አውጪ፣ ማንን ከስሌቱ እንዳወጣሽና ለምን እንደሆነ በሁለት ገጽ ጻፊ። ለእኔ ይህ ሁለት ገጽ ከሰርተፍኬት ይበልጣል። ጎን ለጎን ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር በበጎ ፈቃድ ሥሪ።

ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከራስ ቅል ላይ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራ ከተገኘ አትናቂው። ወጪው ያነሰ ነው፣ የሚሊሰከንድ ለውጥም ይይዛል፤ እንደ አሚግዳላ ያለውን ጥልቅ ክፍል ግን በደንብ አያሳይም። ስታመለክቺ ሁለቱን ገጽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢ፤ ደብዳቤሽም የዚያን ቡድን አንድ ጥናት ጠቅሶ እንቅስቃሴን እንዴት እንደተቆጣጠሩ ይጠይቅ።