የሯጭ ልብ ቀስ ሲል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው፤ በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ጠዋት የልብ ምቴ በደቂቃ 48 ነው። ማራቶን በሮጥኩ ማግስት ደም ስመረመር ትሮፖኒን ከፍ ብሏል ተባልኩ። ልቤ ተጎድቶ ይሆን?

መልስ፦ 48 ብቻውን አያስደነግጥም። ረጅም ርቀት የሚያዘወትር ሰው የልቡ ክፍሎች ሰፋ ይላሉ፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚበዛ፣ ሲያርፍ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። ዝግታው ከማዞር ወይም ከማይለቅ ድካም ጋር ከመጣ ግን ይመርመሩ።

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ከማራቶን በኋላ በጤነኛ ሯጮችም ላይ ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ መቼ እንደሮጡ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ካልነገሩ ውጤቱ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ሊመስል ይችላል። ደረትዎን ካመመዎት ግን «ሩጫው ነው» ብለው አይለፉት፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። የቀኙ የልብ ክፍልም ከረጅም ሩጫ በኋላ ለጊዜው ይዳከማል፣ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ያገግማል። እስከዚያ የፍጥነት ልምምድ ይቅር፤ የእግር ጉዞ ይበቃል።

ምትዎን ከአልጋ ሳይነሱ፣ በሁለት ጣት የእጅ አንጓዎ ላይ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። የ15 ሰከንዱን በአራት ማባዛት የተዛባ ምትን ይደብቃል። ለብዙ ዓመታት አጥብቀው በሮጡ ወንዶች ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት በርከት ብሎ ይታያል፤ ምትዎ ከተዘበራረቀ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሱ። እየሮጡ ራስዎን ከሳቱ፣ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ የልብ አልትራሳውንድ ሳይነሱ ወደ ሩጫ አይመለሱ።