ኮከብ አንዴ ስለደበዘዘ ፕላኔት ተገኘ አይባልም
«የኮከብ ብርሃን አንድ ጊዜ ቀንሶ መታየቱ ለምን አይበቃም?» ላሉት፦ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ትጋርዳለች፤ ከሩቅ ለሚያይ መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ የምትጋርደው ከብርሃኗ 0.008 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ያውም በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ13 ሰዓት ያህል። በኮከቡ ገጽ ላይ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወይም ከጀርባው እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ከዋክብት ይህንኑ ያስመስላሉ። ስለዚህ ቅናሹ በእኩል የጊዜ ልዩነት ሦስት ጊዜ እስኪደገም ይጠበቃል። ቅናሹ የሚነግረን ደግሞ የፕላኔቷን ስፋት እንጂ ክብደቷን አይደለም። ለክብደቷ፣ ስበቷ ኮከቡን ሲያወዛውዘው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት (ቀለም) ላይ የሚፈጠረውን ሽግሽግ መለካት ያስፈልጋል። መሬት ፀሐይን የምታወዛውዘው በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅግ አስቸጋሪ ልኬት!

ትናንሽ ቀይ ከዋክብት የሚመረጡት ለዚህ ነው። 40 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀውን ትራፒስት-1 የተባለ ትንሽ ቀይ ኮከብ መሬትን የምታክል ፕላኔት 0.6 በመቶ ያህል ትጋርደዋለች፤ ለፈሳሽ ውኃ በሚመች ርቀት ያለችው «ኢ» የተባለች የኮከቡ ፕላኔት ደግሞ በ6 ቀን ገደማ ትዞረዋለች። ችግሩ የኮከቡ ተደጋጋሚ ፍንዳታ ነው፤ የፕላኔቷን አየር ሊገፍፍ ይችላል።