18 ኪሎ ለጎደለው ወንድማችን

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ያገለገለች የውድድር ሚያታ፣ ያቺን ትንሿን የማዝዳ ስፖርት መኪና፣ ገዝተሃል፣ አንተ ተቀምጠህባት ስትመዘን የምትወዳደርበት ክፍል ደንብ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ክብደት 18 ኪሎ ጎደለች፣ አሁን ክብደቱን ለማሟላት የጂም ዲስክ ከወንበሩ ኋላ በቀበቶ ጠፍሬ ልግባ ወይ ነው የምትለው። ኧረ በፈጠረህ! እንዳታደርገው።

ወደ ዲስኩ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ስትመዘን ታንኩ ውስጥ ስንት ሊትር ነበር? ሞልቼ ነው ካልከኝ ሂሳቡ ተበላሸ። ሚዛን ላይ የሚያወጡህ ውድድሩ ሲያልቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ ቤንዚኑ የለም። የኔዋ በግማሽ ሰዓት ውድድር 15 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች፣ ይሄ ብቻውን 11 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የጎደለህ 18 ሳይሆን 29 ነው። በዚያ ላይ ጎማው ይበላል፣ የፍሬን ሸራው ያልቃል፣ አንተ ራስህ በአሜሪካ የሐምሌ ሙቀት ያን ሁሉ ልብስ ለብሰህ በላብ የምትጥለው ቀላል አይደለም። ትስቅ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር፣ ሰሚት ፖይንት በሚባለው ትራክ ላይ ሦስተኛ ወጥቼ፣ ለሚስቴ ደውዬ፣ ፎቶ ተነስቼ ሳበቃ በ1 ኪሎ እስኪሰርዙኝ ድረስ። ጠዋት ልክ ነበርኩ እኮ! ግን ጠዋት የመዘንኩት በራሴ ሚዛን ነው፣ የእነሱ ደግሞ ሌላ ይላል። አሁን ትራኩ እንደደረስኩ መጀመሪያ የማደርገው እነሱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው፣ ታንኩን ሳልሞላ።

ፎርሙላ ዋን ላይ እንኳን ይደርሳል። ጆርጅ ራስል 2024 ቤልጂየም ላይ አንደኛ ወጥቶ፣ ቤንዚኑ ሲቀዳ መኪናው 796.5 ኪሎ ሆነ፣ ደንቡ 798 ነበር። በ1.5 ኪሎ ድሉ ለቡድን ጓደኛው ለሃሚልተን ተላለፈ። በአንድ ጎማ ቅያሪ ብቻ ስለጨረሰ ጎማው አልቆ ነበር። ስለዚህ ሁሌም 3 ወይም 4 ኪሎ ትርፍ ያዝ። ትንሽ ያዘገይሃል፣ ከመሰረዝ ግን ይሻላል።

አሁን ዲስኩ። ከግንብ ጋር ስትላተም ለቅጽበት የ30 እጥፍ ጫና ቢመጣ፣ 10 ኪሎው ዲስክ ሦስት ኩንታል ሆኖ ነው ወደ ማጅራትህ የሚመጣው። የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ይሄን አይችልም። ደንቡም የሚፈልገው በቡሎን የታሰረ፣ የማይንቀሳቀስ ጠጣር ብረት ነው። አሸዋ፣ ውሃ፣ የእርሳስ ፍንጣሪ አይሆንም። በፈረንጆቹ 1984 ቲረል የሚባለው የፎርሙላ ዋን ቡድን ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ውሃና የእርሳስ ፍንጣሪ የውሃ ታንክ ውስጥ እየሞላ ክብደቱን ያሟላ ነበር፣ ተነቃበትና የዓመቱን ውጤት በሙሉ አጣ።

እኔ የምጠቀመው የብረት ላሜራ ነው። 35 በ40 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ የሆነ አንዱ 11 ኪሎ ይመዝናል። ሦስቱን ብትደራርብ 33 ኪሎ፣ 29ኙን ከነትርፉ ሸፈንክ ማለት ነው። እርሳስ ለተመሳሳይ ክብደት ቦታው ያንሳል፣ ግን ለስላሳ ነው፣ ቡሎኑ ሥር እየተጨፈለቀ ይላላል፣ በትራፓኖ ስትበሳው ብናኙ መርዝ ነው። እኔ አልነካውም። አራት ባለ ግማሽ ኢንች ቡሎን፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ፣ ከመኪናው ሥር ደግሞ ሰፊ ሮንዴላ። ትንሽ ሮንዴላ ካደረግህ ቡሎኑ አይበጠስም፣ ስስ ወለሉን ቀድዶ ይወጣል እንጂ። ከመብሳትህ በፊት ተንበርክከህ ሥሩን እይ፣ የፍሬንና የቤንዚን ቱቦ የት የት እንደሚያልፍ እወቅ። አንዱ ጓደኛችን ሳያይ በስቶ ጋራዡ በቤንዚን ታጥቦ ነበር።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቅ፣ የክፍልህ ደንብ የሚፈቅድልህ ምናልባት የተሳፋሪው እግር ሥር ብቻ ነው፣ አንብበው። እንደ ዕድል ሆኖ ምርጡም ቦታ እሱ ነው። አንተ ግራ ተቀምጠሃል፣ ብረቱ ቀኝ ይሆናል፣ ደግሞም መሬት ለመሬት ነው። ካሰርክ በኋላ ግን አራቱንም ጎማ በየሚዛኑ ላይ አቁመህ፣ አንተም ሄልሜትህን አድርገህ ተቀመጥና የግራ ፊቱን ከቀኝ ኋላው ጋር ደምር። ከጠቅላላው ግማሽ አካባቢ ካልሆነ ሞላዎቹን ከፍና ዝቅ አድርገህ አስተካክል። ይሄን ካልነካህ መኪናዋ ወደ አንድ በኩል በደንብ ትታጠፍልህና በሌላው እምቢ ትልሃለች፣ አንተ ደግሞ መንዳት የረሳህ ይመስልሃል።

ላሜራ የተረፈኝ አለ፣ አራቱም ሚዛን አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መኪናዋን ግን የቤንዚን ታንኩን አሟጠህ አምጣት።